የፈረቃ ሳምቡሳ፣ የደሴ ንፍሮ፣ የእናት አልጫ፦ የማጀት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ «አዲስ ምግብ አስተምሪኝ» የሚል የለም። ሁሉም የሚፈልገው ድሮ የበላውን ነው። አንዷ ለግብዣ፣ አንዱ ለእራት፣ አንዷ ለቡና ቁርስ። ረጅሙን ከፊት አድርጌዋለሁ። ለዓሣው የቸኮላችሁ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ስትሠራ ኖራ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ልጆች ሆነን ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ጠዋት መንገድ ላይ የገዛችውን የምስር ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ታመጣልን ነበር። ገና ትኩስ እያለ ነበር የምንሻማው። አሁን ለእሷ ግብዣ ላዘጋጅላት ነው። 40 ሰው ገደማ ይመጣል፣ አብዛኛው አብሯት የሠራ ሰው ነው፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። ወንበር ስለማይበቃ ቆመው የሚበሉት ነገር ነው የምፈልገው። ቀኑ አርብ ነው፣ ልቀይረው አልቻልኩም። ወንድሞቼ በግ እንረድ ይላሉ። እኔ ያንን ሳምቡሳና አያቴ ትሠራው የነበረውን አዚፋ ማቅረብ አምሮኛል፣ ግን ለግብዣ ያንሳል ብዬ ፈራሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኧረ አያንስም። እንዲያውም ከበጉ ይሻላል፣ ለምን እንደሆነ ወንድሞችሽም እንዲያነቡት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ያርደዋል?» ነው። ክርስቲያን ካረደው የእናትሽ ሙስሊም ጓደኞች አይቀምሱትም፣ ሙስሊም ካረደው ክርስቲያኖቹ አይነኩትም። ስለዚህ በጉ ሁለት ይሆናል፣ ድስቱም ሁለት፣ አሳላፊውም ሁለት። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ በሠርግ ጊዜም ለየብቻ እያዘጋጀን አብረን ስንበላ ነው የኖርነው፣ ግን ለሠርግ ድንኳን አለ፣ እድር አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት የሚከትፍ ጎረቤት አለ። አንቺ ያለሽ ሳሎንና አንድ ምድጃ ነው። በዚያ ላይ አርብ ነው። ጾመኛው ሁለቱንም በግ እያየ ሊሄድ ነው። የጾም ምግብ ግን ማንንም አይለይም፣ አብረው ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ። ወንድሞችሽ «ሥጋ የሌለበት ደግሞ ምን ግብዣ ነው» ካሉሽ፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉ የሚቀልቡት ሠራዊት ነበራቸው፣ እኛ የጠራነው 40 ሰው ነው በያቸው።

ሰዓቱን 9 አድርጊው። ጁምዓ አልቆ ሰው ቤቱ ደርሶ ለባብሶ ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉትም ያኔ እህል ይቀምሳሉ። 7 ሰዓት ብለሽ ብትጠሪ ግማሹ አይመጣም፣ የመጣውም እጁን አጣጥፎ ሌላው ሲበላ ያያል። (ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ውስጥ ከዋለ አርብ አይጾምም። የሥጋው ጣጣ ግን ያው ነው።)

አሁን ወደ ሳምቡሳው። የትዝታ ምግብ ለግብዣ ሲሠራ የሚበላሸው ሰው ከመጠን በላይ ሊያሳምረው ሲሞክር ነው። አይብ ይጨመርበታል፣ ማዮኔዝ ይፈስበታል፣ ሰላጣ ቅጠል ላይ ይደረደራል፣ መጨረሻ ላይ እናትሽ ስታየው የማታውቀው ምግብ ሆኖ ይቀርባል። አንቺ መጠኑን ብቻ ቀይሪ። የመንገዱ ሳምቡሳ ትልቅ ነው፣ የአንቺ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን። ምስሩ ያው ምስር፣ ቃሪያው ያው ቃሪያ። ወረቀቱንም አትተዪው፣ እናትሽ ገና በር ላይ ሆና የምታውቀው በሱ ነውና። ጋዜጣው በቀጥታ ምግብ አይንካ፣ ዘይት ሲያገኘው ቀለሙ ይለቃል። ነጭ ወረቀት እንደ ቆሎ መጠቅለያ አሹለሽ ጠቅልይ፣ ከላዩ ጋዜጣ አልብሺው፣ በየጥቅሉ ሦስት ሦስት ሳምቡሳ ክተቺ። ሰው አንድ ጥቅል በእጁ ይዞ ሲያወራ ይውላል። ሳህንም ሹካም አያስፈልግሽም፣ ዕቃ አጣቢም።

ለ150 ትንንሽ ሳምቡሳ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄትና 1 ኪሎ ድፍን ምስር ይዘሽ ተነሺ። ምስሩን ቀቅይው፣ ግን ቅርጹን ሳይለቅ አውጪው። ከዚያ በደንብ አጥልይው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ውሃ ያልጨረሰ ምስር ይጠቀለልና ዘይት ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ሊጡን ቀድዶ ይወጣል፣ «ሳምቡሳዬ ለምን ይፈነዳል» የሚሉኝ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። የተጠለለውን ምስር በጥቂት ዘይት ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ምጣድ ላይ አገላብጪው፣ እስኪደርቅ። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ደቀቅ አድርገሽ ከትፈሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪ፣ እንዲንኮሻኮሽ። ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚጠቀለለው። ትኩሱን ከጠቀለልሽው ሊጡን ያላበዋል።

ሊጡ ጠንከር ይበል። ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ውሃ። እርሾ የለውም። ግማሽ ሰዓት ሸፍነሽ አሳርፊው፣ ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጪው ተመልሶ ይሰበሰባል። ሁለት ድቡልቡል ወስደሽ መሃላቸውን ዘይት ቀብተሽ ዱቄት ነስንሺና ደርበሽ ዳምጪ፣ ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ ወዲያና ወዲህ አድርገሽ ሳይቀላ አንሺው፣ ከዚያ ሁለቱን ላጪያቸው። ስስ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቆራርጠሽ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ጠርዙን በዱቄት ሙጫ ዝጊ።

ይህን ሁሉ ሐሙስ ማታ ጨርሺ። የተጠቀለለው ዱቄት ተነስንሶበት ተሸፍኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። አርብ የሚቀረው መጥበሱ ነው። ለመጥበሱ አንድ የአክስት ልጅ መድቢ፣ ምክንያቱም አንቺ በር ላይ እንግዳ ትቀበያለሽ። ዘይቱ 170 እስከ 180 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፣ መለኪያ ከሌለሽ ትንሽ ሊጥ ጣይበት፣ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ሰምጦ ከቆየ ገና ነው። ያልጋለ ዘይት ሳምቡሳውን ያጠግበዋል። ብዙ አንድ ላይ ከጨመርሽም ዘይቱ ይቀዘቅዝና ያው ይሆናል። የወጣውን በሰፌድ ላይ ዘርጊው፣ ድስት ውስጥ ከድነሽ አታስቀምጪው፣ በራሱ እንፋሎት ይልመጠመጣል። ሁሉን አስቀድመሽ ጠብሰሽ አትጠብቂ። እናትሽ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ነበር የምታመጣው፣ የቀዘቀዘ ከቀረበላት ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ነው።

አዚፋው ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስናፍጩን። ሰው ስናፍጭ ይፈጭና ትኩስ ምስር ላይ ይጨምረዋል፣ ከዚያ «አይነድም፣ ይመራል» ይላል። የስናፍጭ መንደድ ፍሬው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፣ ተፈጭቶ ውሃ ሲያገኝ ነው የሚፈጠረው፣ ሙቀት ደግሞ ያንን የሚፈጥረውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የተፈጨውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ 10 ወይም 15 ደቂቃ ተዪው። አፍንጫሽን ሲነካው ሎሚ ጭመቂበት፣ ሎሚው እዚያው ላይ ያቆየዋል። ሎሚውን ከመጀመሪያው ከጨመርሽ ገና ሳይነድ ያቆመዋል። አያትሽ ይህን ሁሉ ምክንያት ባይነግሩሽም እጃቸው ያውቀዋል፣ ስናፍጩን በትንሽ ሳህን ለብቻ በጥብጠው ሲያስቀምጡ አይተሽ ይሆናል።

ለ40 ሰው 1 ኪሎ ምስር ተርፎ ይበቃል። ግማሹ ይፈጭ ግማሹ ድፍኑን ይቅር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ከዚያ ስናፍጩ። የሚቀርበው በምን ላይ ነው ካልሽ፣ ብዙዎች እንጀራ ላይ ቀብተው ጠቅልለው ይቆርጡታል፣ ያምራል፣ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይርሳል። እኔ የስንዴ ቂጣ እመርጣለሁ። ስስ አድርገሽ ጋግሪ፣ በትንንሹ ቁረጪ፣ እሳቱን ቀንሰሽ ምጣዱ ላይ መልሰሽ አድርቂው። አዚፋው የሚቀመጥበት ሰው ሊበላ ሲል ነው። አንድ ጎድጓዳ ሳህን አዚፋ መሃል፣ ቂጣው ዙሪያውን፣ እንግዳው ራሱ ያንሳ። ቡጢቻ ከቻልሽ ጨምሪ፣ ካልቻልሽ ይቅር።

መጠጡ ብርዝ ይሁን። ማር በውሃ ነው፣ ካላፈላሽው ማንም ይጠጣዋል። ጠላው ለሚጠጣው በሌላ ጥግ። ቡናው ደግሞ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በትዳር ወደ ደሴ መጥቼ ሆጤ ነው የምኖረው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና ቁርስ የስንዴ፣ የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ ትቀቅል ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ሽታው ስቦት ነበር የሚመጣው። እዚህ እኔ ስቀቅል ስንዴው ፈንድቶ ሽምብራው ጥሬ ነው። አማቴ «የቆላ ልጅ ንፍሮ የት ታውቃለች» ብለው ሳቁብኝ። እጄ ነው ወይስ ሽምብራው? (ከደሴ)

መልስ፦ እጅሽም አይደለም፣ ሽምብራውም ላይሆን ይችላል። ተራራው ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ስትወጪ ጆሮሽ የሚደፈነው ለዚሁ ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ አየሩ ሲሳሳ ውሃ ሳይግል ይፈላል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ምን አላት እንዳትዪ፣ ለሽምብራ ብዙ ናት። እሳቱን ብታነጂውም አይረዳም፣ ውሃው ፈልቶ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ጊዜ ብቻ ነው መድኃኒቱ። አማትሽ እዚሁ ስለኖሩ ጊዜውን በልምድ ያውቁታል፣ አንቺ ደግሞ የኮምቦልቻን ሰዓት ይዘሽ መጣሽ። ይህን ግን በሳይንስ አታስረጃቸው፣ «እማማ ስንት ሰዓት ነው የሚያቆዩት?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ሳቁም እዚያው ያልቃል።

አሠራሩ፦ ሽምብራና ባቄላውን ለየብቻ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ። መጀመሪያ ሽምብራውን ብቻውን ጣጂ፣ ሲለሰልስ ባቄላውን፣ ስንዴውን የመጨረሻ። እናትሽ ኮምቦልቻ አንድ ላይ ይጥዱት ከነበረ እዚህ አይሠራም። ጨው ውሃው መጥጦ ሊያልቅ ሲል፣ አለዚያ ያይልብሻል። ሰዓቶችሽን ለማሳጠር ፕሬዠር ካለሽ ሽምብራውን በሱ ቀቅይ፣ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ተራራውን ያስረሳሻል። ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፣ ያለሰልሳል፣ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ለንፍሮ አልመክርም። አሮጌ ሽምብራ ደግሞ የትም ቢሆን እሺ አይልም፣ ስለዚህ ስትገዢ ዘንድሮ የገባውን ጠይቂ።

እግረ መንገዴን፣ የዶሮ ወጥ እንቁላል ስትቀቅዪም ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሪ። የእንጀራ ሊጥሽም ይዘገያል፣ ያ ግን ከፍታው ሳይሆን ብርዱ ነው። ኮምቦልቻ በሁለተኛው ቀን አብ ያለው ሊጥ ደሴ ክረምት ላይ ሦስተኛ ቀን ሊጠይቅሽ ይችላል። ከምድጃው አጠገብ አስጠጊው።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሥጋ አልጫዋን ለመሥራት ስሞክር ቆየሁ። ቢጫ ይሆናል፣ ይበላል፣ ግን የሷ አይደለም። እህቶቼን ብጠይቅ አንዷ ዝንጅብል ታበዛ ነበር ትላለች፣ ሌላዋ ዝንጅብል ጭራሽ አታስገባም ነበር ትላለች። በቅርቡ ሁሉንም እራት ልጠራቸው ነው። ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ሁለቱም እህቶችህ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ዓይነት አልጫ አትሠራም። ትልቋ የበላችው የወጣትነቷን ነው፣ ትንሿ የበላችው የኋለኛውን፣ በመሃል ምናልባት ጨጓራ መጥቶ ዝንጅብሉ ቀርቷል፣ ምናልባት አባትህ አልወደዱት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የማንን ዘመን አልጫ እንደምትፈልግ ወስን። ያንተን ማለቴ ነው፣ አንተ ስንት ዓመትህ ሆኖ የበላኸውን።

ቀጥሎ፣ እህቶችህን ትተህ ጎረቤቷን ጠይቅ። ልጆች ማዕድ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ማጀት ውስጥ እናትህ ጋር የነበረችው ጎረቤቷ ናት፣ ወይ የማኅበር ጓደኛዋ። ቅቤ አብረው ያነጠሩ፣ በርበሬ አብረው ያስፈጩ። «ምን ትጨምር ነበር?» ብለህ ብቻ አትጠይቃቸው፣ ይህንን ሁሉም ሰው ከራሱ አሠራር ጋር ይቀላቅለዋል። «በምን ድስት ነበር የምትሠራው? በከሰል ነው በእንጨት? ቅቤውን ከየት ነበር የምትገዛው? መከለሻዋን ማን ነበር የሚያዘጋጅላት?» ብለህ ጠይቃቸው። ዕቃና ቦታ ሰው አይረሳም። ሸክላ ድስት ላይ በከሰል ሲንተከተክ የሚውል አልጫና ያንተ በኤሌክትሪክ ምድጃ 40 ደቂቃ የሚደርሰው ቅመማቸው ቢመሳሰል እንኳ አንድ አይሆኑም።

ከጻፍከው ተነስቼ ልገምት ካልክ፣ ሦስት ቦታ እጠረጥራለሁ። ሽንኩርቱን ታቀላለህ። የዶሮ ወጥ ልማድ ነው፣ ወንዶች በተለይ እሳት ታበዛላችሁ። የአልጫ ሽንኩርት አይቀላም፣ በትንሽ ውሃና ዘይት ረጋ ብሎ እስኪሟሟ ይበስላል፣ ጣፋጭነቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ እርዱ። ለ1 ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ቢጫ እንዲሆንልህ ብለህ ካበዛኸው አፈር አፈር ይላል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው፣ መጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ወጡ ሲበስል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ድስቱ ሊወርድ ሲል የሚነሰነሰው መከለሻ ነው ቤቱን ሁሉ የሚያውደው፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጢምዝ፣ ቅርንፉድ፣ እንደየቤቱ ነው። ቀድመህ ከጨመርከው ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ልጅ ሆነህ ከውጭ ስትገባ የሸተተህ ያ ነው እንጂ ሥጋው አይደለም።

እንዲህ አድርግ። ሰኞ ገበያ ሂድና ቅመሞቹን በጥቂት በጥቂቱ ለየብቻ ግዛ። ንጥር ቅቤም ግዛ፣ ኮሰረት ያለበትና የሌለበት። እህቶችህ ሲመጡ ዓይናቸውን አስጨፍነህ አንድ በአንድ አሽትታቸው። በአፍ ሲጠየቁ የተጣሉት ሰዎች በአፍንጫ ሲጠየቁ ይስማማሉ። ስሙን ላያውቁት ይችላሉ፣ ግን አንዱ ጋ ሲደርሱ «ይሄ ነው!» ይላሉ።

ለእራቱ ደግሞ «የእማዬ አልጫ» ብለህ አታቅርብ። በትንንሽ ሳህን የአልጫ ፍትፍት አድርገህ ከዋናው ማዕድ በፊት አስቀምጥላቸውና «ምን ጎደለው?» በላቸው። ይከራከሩ። አንዷ ተነስታ ማጀት ገብታ ድስቱ ላይ የሆነ ነገር ስትጨምር ዝም ብለህ እጇን እይ፣ ስልክህንም አውጥተህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመት ሊሞላው ነው። ልደቱ ላይ ኬኩ እንዳለ ሆኖ በፓኬት ቺፕስ ፋንታ እናቴ ለመንገድ ትቋጥርልን የነበረውን ዳቦ ቆሎ ላቅርብ ብል ባሌ «ልጆቹ ይስቁበታል» አለኝ። ይስቁ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ራሳቸው ከቆረጡት አይስቁበትም። ግብዣው ላይ ጨርሰሽ አታቅርቢው፣ ሊጡን አዘጋጅተሽ ጠብቂያቸው። 1 ኪሎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ወይም ለስለስ ያለ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው፣ ጠንከር እስኪል ድረስ ውሃ። ግማሹ ላይ ለትልልቆቹ ትንሽ በርበሬ ጨምሪ። ልጆቹ በመዳፋቸው እንደ እርሳስ ያድበልብሉት፣ በማንኪያ ጠርዝም ቢሆን ይቆራርጡት። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይቆርጣል፣ ግድ የለም፣ አንቺ ምጣዱ ላይ ስታበስዪው ትንንሾቹን ቀድመሽ ታወጫቸዋለሽ። ዘይት የሌለበት ምጣድ፣ ዝግ ያለ እሳት፣ እጅሽ ከማማሰል አይቦዝን። ኦቨን ካለሽ በ170 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትቋጥሪው፣ ይለሰልሳል። በደንብ ከደረቀ ለሳምንታት ይቆያል፣ ስለዚህ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በትንሽ ወረቀት የየራሳቸውን አስይዢያቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታናናሾቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች ይኖራሉ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ዳቦ ቆሎም፣ ቆሎም፣ ለውዝም አይሰጥ፣ ያንቃል። ለነሱ ሙዝና ለስላሳ ዳቦ ለብቻ አስቀምጪ። ባልሽን ደግሞ የማማሰሉን ሥራ ስጪው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆኜ አባቴ ሐይቅ ወስዶን ዓሣ ጥብስ ያበላን ነበር። በጾም ወቅት ለሚደረግ የመሥሪያ ቤት ምርቃት ያንን በትንንሹ ባቀርብ ደስ ይለኛል። ግን ዓሣ በጾም ይበላል የሚልም አይበላም የሚልም አለ። ላቅርብ ወይስ ልተወው? (ከደሴ)

መልስ፦ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባት እንተወው፣ እኔ የማውቀው ድስቱን ነው። እንግዶችሽ መሃል የሚበላም የማይበላም ይኖራል፣ ስለዚህ አቅርቢ፣ ግን በራሱ ሳህን፣ በራሱ ጥግ። ከሁሉ በላይ ዘይቱን አትቀላቅዪ። ዓሣ በጠበስሽበት ዘይት ድንች ወይም ሳምቡሳ ከጠበስሽ፣ ዓሣ የማይበላው ሰው ድንቹንም አጣው ማለት ነው፣ ሲነግሩትም ይከፋዋል።

ቆሮሶ ግዢ፣ አጥንቱ የወጣለት። ሁለት ጣት በሚያህል ቁራጭ ይቆረጥ። ሎሚና ጨው ነክተሽ ሩብ ሰዓት ብቻ አቆዪው፣ ሎሚው ላይ ካደረ ሥጋው ይፈራርሳል። ከዚያ በደንብ አድርቀሽ ዱቄት አልብሺና በጋለ ዘይት ቶሎ አውጪው። እንቁላል ለብሶ የሚጠበሰውን እርሺው፣ ጾም ነው። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄደሽ ከገዛሽ በረዶ ያለበት ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፣ በፌስታል ፀሐይ ላይ አታውይው። ሚጥሚጣውን ዓሣው ላይ አትነስንሺ፣ በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቅረብ፣ የሚፈልግ ራሱ ያጥቅስ።